ያረፈው ማሳ

አባቴ ከተማ፣ እኔ ዘንድ ጨለለቂ ሰፈር ከገባ ወዲህ የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዝናብ ከዘነበ «ይሄኔ ጉልጓሎ ነበር» ይላል፤ ካልዘነበም ያንኑ ይላል። ቢሮ ውዬ፣ ደክሞኝ ቤቴ ስገባ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀኝ ገጠር፣ ጉቶ ጊዳ ጥሎት የመጣው ማሳ ነው። አንዳንዴ ያንገሸግሸኝ ነበር።

ጸጥታው ደፍርሶ ነፍሱን ይዞ ሲወጣ ቤቱም በሬዎቹም እዚያው ቀርተዋል። እሱ ግን የሚቆጨው ለመሬቱ ነው። የሰው እጅ ያልነካው መሬት ይበላሻል ብሎ ያምናል፤ ያለ እኔ ምን ይሆን እያለ እንቅልፍ አጣ። እውነቱን ለመናገር፣ በሕይወት ያቆየውም ይኸው ጭንቀት ነበር።

ዘንድሮ መንገዱ ሲከፈት አብረን ሄድን። ባጃጁ እስከሚችለው ወሰደን፣ የቀረውን በእግር ተጓዝን። ማሳውን ሙጃ ውጦታል። ልቤ ስብር አለ፤ የአባቴን ፊት ለማየት ፈራሁ።

አገሩን ያልለቀቀው ጎረቤታችን መጥቶ ከአባቴ ጋር ብዙ ሰላምታ ተለዋወጡ። የራሱን በሬዎች ሊያውሰው ቃል ገባለት። ከዚያ ሙጃውን ነቅሎ በመቆፈሪያ አፈሩን ገለበጠው።

«ኦቦ፣ ላፍቲ ቦቆቴ» አለው። መሬቱ አርፏል ማለቱ ነው።

እውነትም አርፏል። ያ ማዳበሪያ ካላጎረሱት በቆሎው ቢጫ የሚሆንበት ደረቅ ቀይ አፈር ጠቁሯል፣ ጓሉ ነካ ሲያደርጉት ፍርፍር ይላል፣ ትል ይርመሰመስበታል። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ደስታዬ ልክ አጣ፣ ሞኝ ነኝና።

«አባዬ፣ እየው፤ ጠብቆሃል እኮ!» አልኩት።

አፈሩን በመዳፉ ዘግኖ ፈረፈረው። «አልጠበቀኝም» አለ።

ጎረቤታችን ቤት አድረን ሲነጋ በሬዎቹ ተጠመዱ። አባቴ እርፉን ጨብጦ አንድ ትልም ጀመረ፤ መሃል ላይ ሲደርስ አቆመ። የደከመው መስሎኝ ሮጥኩ። አልደከመውም። እርፉን ለጎረቤታችን አስረከበና ከእንግዲህ ለራስህ እረሰው አለው። ሰውየው እምቢ አለ፣ ተቆጣ፣ ለመነው፤ እኔም ለመንኩት። አልሰማንም።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ምን ነካህ ብዬ ጠየቅሁት፤ እንዲያውም ጮህኩበት። ይህን ሁሉ ጊዜ የታመመለት መሬት እንደዚያ አምሮ ሲያገኘው እንዴት ይተወዋል?

«ዕድሜዬን ሙሉ የማበላው መስሎኝ» አለ፣ «ለካ ስበላው ነው የኖርኩ። የበላሁት ይበቃኛል።»

ውሸት ነው እንዳልለው፣ አፈሩን በዓይኔ አይቼዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሽማግሌ ከእንግዲህ የሚጨነቅለት ነገር አልቀረውም፤ እኔም እሱን በሕይወት በምን እንደማቆየው አላውቅም።