ለአንደኛ ክፍል የተሻገረው ጣሪያ

ትምህርት ቤቱ ከደጃችን ይታይ ነበር። ደወሉ ማንጎ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ሲሆን፣ ሲመታ የእኛ ዶሮዎች ሳይቀሩ ይደነግጣሉ። በመካከላችን ያለው አንድ ወንዝ ብቻ ነው፤ እሱም ክረምት ካልሆነ ወንዝ ለመባል የማይበቃ።

ጋምቤላ ክልል የሆነች ሰሞን ግን ሁሉም ነገር ይከፋፈል ነበር። ቢሮ ተከፋፈለ፣ ወንበር ተከፋፈለ፣ በመጨረሻ ቀበሌም ተከፋፈለና ወንዙ ድንበር ሆነ። ለማዶው ቀበሌ ትምህርት ቤቱ ደረሰው። ለእኛ የደረሰን “ትምህርት ቤት የሚሠራበት ቦታ” የሚል የቆርቆሮ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ቆንጆ ነበር። ፍየሎች ይታከኩበታል።

ማዶ ያሉት የአክስቴ ልጆች ትምህርት ገብተው ነበር። አሸዋ ላይ የሆነ ነገር ይጽፉና እኔን እያዩ ይስቃሉ። ምን እንደሚጽፉ ሳላውቅ መሞት አልፈለግሁም። ስለዚህ መስከረም ሲጠባ እናቴን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኋት፤ እሷም አጥባ፣ ቅባት ቀብታ ለምዝገባ ወሰደችኝ።

ዳይሬክተሩ ከደጋ የመጡ፣ ረጅም፣ በሙቀቱ ዘወትር የሚማረሩ ሰው ነበሩ። የት እንደምንኖር ጠየቁ። እናቴ በጣቷ አሳየቻቸው፤ ከወንበራቸው ሆነው ቤታችን ይታያቸዋል። እንግዲያው የእናንተ ትምህርት ቤት ያ ነው አሉ፣ ሰሌዳውን ማለታቸው ነው። መመሪያው ልጅ በየቀበሌው ይማር ይላል። እናቴ መቼ እንደሚሠራ ጠየቀች። በጀት ሲመጣ አሉ። እናቴ አማርኛዋን የለመደችው ገበያ ዓሣ ስትሸጥ ነው፤ በጀት የሚባል ነገር ደግሞ ገበያ መጥቶ አያውቅም። ማዶው ቀበሌ ከየት እንደሚጀምር ብቻ ጠየቀች፣ ከወንዙ ሲሏት አመስግና ወጣች። እኔ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ።

በእኛ በአኝዋኮች ዘንድ ቤት ይጓዛል። የጭቃው ግድግዳ ይቀራል፤ የሣር ጣሪያውን ግን ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ እንዳለ ያነሳውና ወደተፈለገበት ይሸከመዋል። በሳምንቱ እናቴ የጠመቀችው የበቆሎ ጠላ ሲደርስ ዘመዶቻችን መጡ። ጣሪያችንን ተሸክመው፣ ውሃው ወገባቸው እየደረሰ፣ ተሻገሩ። አጎቴ ለጎርፍም ለጠብም ቤት ተሸክሜ አውቃለሁ፣ ለአንደኛ ክፍል ግን ገና ዛሬ ነው እያለ ሲነጫነጭ ዋለ። ጣሪያው የአክስቴ ግቢ ውስጥ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጎን፣ መሬት ላይ ተቀመጠ። ግድግዳ የለውም።

ዳይሬክተሩ ወሬውን ሰምተው ሊያዩ መጡ። አጎንብሰው ገቡ። እናቴ ዓሣ ታጸዳለች። ይህ ቤት አይደለም አሉ።

“ሌሊት ዘንቧል” አለች እናቴ። “እኛ አልረጠብንም።”

ላባቸውን ጠረጉ። ዙሪያውን አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ቀኝ እጄን በራሴ ላይ አሳልፌ ግራ ጆሮዬን እንድነካ አዘዙኝ። ያኔ የተወለደበትን ቀን የሚያውቅ ልጅ ስላልነበረ ዕድሜ የሚለካው በዚህ ነው። ጆሮውን የነካ ይገባል፤ ያልነካ ለከርሞ ይመለሳል።

ዘረጋሁ። አልደረሰም። ብብቴን እስኪያመኝ እንደገና ዘረጋሁ፣ ጣቴ ፀጉሬ ላይ ቀረ። እናቴ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ቤት አሻግራለች፤ ክንድ ማስረዘም ግን አትችልም። የገዛ ክንዴን እንደዚያን ቀን ጠልቼው አላውቅም።

ዳይሬክተሩ ጣሪያው ቀና ብለው ስለማያስቆማቸው እንዳጎነበሱ ናቸው። ሰፊ መዳፋቸውን ግራ ጉንጬ ላይ አድርገው ጭንቅላቴን ቀስ ብለው ወደ እጄ ገፉት፣ ጣቴ ጆሮዬን እስኪነካ።

“ደርሳለች” አሉ፣ እናቴን ሳያዩ። “ሰኞ ትምጣ።”