በወስፌ የተበሳው ቆርቆሮ

ደብረ ማርቆስ ከጋራዤ ማዶ በሚሠራው መካኒክ እቀና ነበር። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ምሕንድስና ተምሬአለሁ፤ እሱ ከደብረ ወርቅ የመጣ የቀድሞ ብራና ጸሐፊ ነው።

የብዙ ዓመት ደንበኛዬ መኪናው የዓባይን ዳገት በጉልበት እንዲወጣለት፣ ቫልቮቹን አስፍቶ የሚከፍት ካምሻፍት ከውጭ አስመጣ። የገጠምሁለት እኔ ነኝ። ካምሻፍቱን ከሞተሩ ዋና ዘንግ ከክራንክሻፍቱ ጋር በሚያያይዙት ማርሾች ላይ ለመግጠሚያ ምልክት የተቀረጹትን ሁለት ነጥቦች አገናኘሁና፣ ፋብሪካ አይሳሳትም ብዬ ሳልለካ ዘጋሁት። መኪናው ከቀድሞው ይልቅ ደከመ፤ ደንበኛዬም ወደ ማዶ ወሰደው።

በማግሥቱ ያው ሞተር በጋራዤ በር ላይ እያጓራ አለፈ። ቅናቱ አላስቀምጥ ስላለኝ ተሻግሬ ምን እንዳደረገ ጠየቅሁት።

«ነጥቡን አላመንሁትም፣ ጋሼ» አለና አንድ ክብ ቆርቆሮ አሳየኝ። ብራና ለማስመር እንደሚበሳ ሁሉ፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ አንድ ቀዳዳ አድርጎ ዙሪያውን ሦስት መቶ ስድሳ ቦታ በወስፌ በስቶታል። ቆርቆሮውን ክራንክሻፍቱ ላይ አስሮ፣ ቫልቩ የሚከፈትበትን ዲግሪ ከካምሻፍቱ ጋር ከመጣው የልክ ወረቀት ጋር ሲያመሳክር ስድስት ዲግሪ ዘግይቶ አገኘው፤ ማርሹን በዚያው ልክ አዙሮ አስተካከለው። ይህን ልኬት እኔ ከወጣትነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ስሕተት ባገኝበት ብዬ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ቆጠርሁ።

«ጎደለብዎ እንዴ፣ መሐንዲስ?» አለኝ እየሳቀ።

አልጎደለም። ይህን በአፌ ከመናገር ግን እንደ ገና መቁጠር ቀለለኝ፤ ከመጀመሪያዋ ቀዳዳ ጀመርሁ።