የወንዝ ወረቀት

ከፍኖተ ሰላም የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። ባጃጁ ደጅ ቆሞ ያጓራል፣ እኔ ሻንጣዬን ለሦስተኛ ጊዜ ከፍቼ እዘጋለሁ፣ አማቴ እማሆይ በሩ ጥግ ቆመው ያዩኛል። ዋዜማውን ነው እኔን ለመሸኘት ከቡሬ ማዶ፣ ከፈጣም ወንዝ ዳር ካለው ቤታቸው መጥተው ያደሩት። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ቆብ የደፉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው። ልጃቸው አስማረ፣ ማለት ባሌ፣ ጀርመን ከገባ አራት ዓመት አልፎት ነበር። የመኖሪያ ፈቃዱን ጨርሶ «ነይ» ያለኝ ያኔ ነው።

እማሆይ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና አንድ እፍኝ ቡናማ ፍሬ አስጨበጡኝ።

«ብርብራ ነው። ለአስማረ ስጭው። ወንዝ ዳር ነው የምኖር ብሎኛል።»

ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ብርብራ የዛፍ ፍሬ ነው። በበጋ ወንዙ ሲቀንስና ውሃው በየጉድጓዱ ሲተኛ፣ ፍሬው ተወቅጦ ይበተንበታል። ዓሣው ሰክሮ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል፣ በእጅ ይለቀማል። አስማረ ያደገው በዚህ ነው።

ባጃጁ ላይ ስወጣ፣ «እስከ መቼ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«አምስት ዓመት፣ እማሆይ። አምስት ዓመት ሳይሞላ ሁለታችንም እንመጣለን።»

«አምስት» አሉና የቀኝ እጃቸውን ጣቶች ዘርግተው አዩዋቸው።

ስለ መንገዱ ብዙ አልጽፍም፤ እኔ እንደ እሱ በረሃና ባሕር አላቋረጥኩም። በአውሮፕላን ተቀምጬ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ዳቦ እየበላሁ ነው የሄድኩት። እዚያ ስደርስ አንድ ሰው እስትንፋሴን ከአፌ የነጠቀኝ እስኪመስለኝ በረደኝ። ዳቧቸው ይኮመጥጣል፣ ይህን ወደድኩት፤ ዓይኔን ጨፍኜ ሳኝከው ትንሽ የእንጀራ ነገር አለው። ወንዛቸውን ግን መልመድ አቃተኝ። ድምፅ የለውም! ፈጣምን ከማየታችሁ በፊት ትሰሙታላችሁ አይደል? ይኸኛው እንደ ወተት ዝም ብሎ ነው የሚሄደው።

በመጀመሪያው እሑድ አስማረ ወደ ወንዙ ወሰደኝ። ብርብራውን አውጥቼ ስሰጠው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ።

«የሺ፣ ይችን ውሃው ውስጥ ብንጨምር ሁለታችንንም ያስሩናል!»

«በዓሣ?»

«በዓሣ! እዚህ ለማጥመድ ተምረሽ፣ ተፈትነሽ፣ ወረቀት አውጥተሽ ነው። አንገልሻይን ይባላል።» ከደረት ኪሱ ፎቶው ያለበት ካርድ አወጣ። ያኔ ገና አዲስ ነበር፤ ለአምስት ዓመት የተሰጠ።

ከአጠገባችን አንድ ሽማግሌ፣ ሄር ኦቶ የሚባሉ፣ አንድ ዓሣ አወጡ። በማስመሪያ ለኩት፣ አጭር ሆነባቸው፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው በሁለት እጃቸው ወደ ውሃው መለሱት። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ፣ ይዞ፣ ለክቶ፣ መልቀቅ! ሲሄዱ ደግሞ «ፔትሪ ሃይል» አሉን። አስማረን ምን ማለት ነው ብዬ ስጠይቀው በሐዋርያው ጴጥሮስ ስም ነው አጥማጆች የሚሰነባበቱት አለኝ። ቤተ ክርስቲያን የማይስሙ ሰዎች ወንዝ ዳር ሲሆኑ ጴጥሮስን ያስታውሳሉ። ይህን ነገር ለብዙ ቀን ሳሰላስለው ቆየሁ።

በዚያው ሰሞን አስማረ ለእናቱ ደውሎ «መንግሥት የወንዝ ወረቀት ሰጥቶኛል» አላቸው። እማሆይ መጀመሪያ የጠየቁት፣ «የሺ ፎቶዋ አለበት?» ብለው ነው።

በዚህ የሚስቅ የእኛን አገር ያላወቀ ነው። እኔ ከመሄዴ በፊት በአንድ ወረዳ የመሬት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ለገበሬው የይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ጉርድ ፎቶ ጎን ለጎን እየለጠፍኩ ማኅተም የማስመታው እኔ ነኝ። ባል ሲሞት ሚስት ጋብቻዋን፣ ሐዘኗንና ሦስት ምስክር ይዛ ትመጣለች፤ ይዞታው ወደ እሷ ይዞራል። እማሆይም የራሳቸውን ማሳ ያቆዩት በዚያ ደብተር ነው። ለእሳቸው ወረቀት ማለት ይህ ነው።

አራት ዓመት እንደሞላኝ አስማረ ሥራ ቦታ እንደቆመ ወደቀ። ልቡ ነው አሉኝ። ሌላውን ልጽፈው ሞክሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ ይቅር። የተቀበረው እዚያው ከተማ ነው። መቃብሩም በውል እንደሆነ፣ ዘመኑ ሲያልቅ መታደስ እንዳለበት ከቀብሩ በኋላ ነገሩኝ። ሙት የሚታደስበት አገር መጣሁ ብዬ አሰብኩ።

እማሆይ ለቅሶው ካለፈ በኋላ በስልክ፣ «ሙት ዓመቱን አውጥተሽ ነይ» አሉኝ።

«እመጣለሁ።»

«የወንዙን ወረቀት ግን ጥለሽ እንዳትመጭ። መጀመሪያ ወደ ስምሽ አዙሪው። ባዶ የተገኘ ይዞታ ለሌላ ነው የሚሰጥ።»

ካርዱን አወጣሁ። ሊያልቅ ስምንት ወር ቀርቶታል። ያ ካርድ ሲሞት ባሌ ሁለተኛ የሚሞት መሰለኝ። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ መዝገብ ቤት የሠራሁት እኔ ሳልቀር አመንኳቸው። የባል ወረቀት ለሚስት ካልዞረ ለማን ይዞራል?

ቀጠሮ ያዝኩ። ቴርሚን ይሉታል፤ ያለ ቴርሚን እግዜርም አይገባም። ሦስት ያገሬን ልጆች ሥራ አስፈቅጄ ምስክር ይዤ ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ጠረጴዛው ላይ ያሉት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሴት ናቸው። እዚህ አገር ሹሙም ሰውን አንቱ ነው የሚለው፤ አንቱ እያለ ይመልስሃል።

«የባሌን አንገልሻይን ለማሳደስ ነው» አልኩ።

«ባለቤትዎ ራሳቸው መምጣት አለባቸው።»

«ሞቷል።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አዝናለሁ።» መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና፣ «እንግዲያው መታደስ አያስፈልገውም።»

«ለእሱ አይደለም። ወደ እኔ እንዲዞር ነው።» ፋይሌን ከፈትኩት። «ይኸው የጋብቻችን፣ ይኸው የሞቱ፣ ይኸው ሁለት ጉርድ ፎቶ። ምስክሮቼ ውጭ ናቸው።»

«የምን ምስክር?»

«ሚስቱ እንደነበርኩ።»

ሴትዮዋ ተነሥተው በሩን ገርበብ አድርገው አዩ። ሦስቱም ብድግ ብለው እጅ ነሱ። መልሰው ዘጉት።

«እመቤት፣ ዓሣ ማጥመድ አይወረስም።»

«መሬትስ ይወረሳል?»

«መሬት ይወረሳል።»

«ወንዙ መሬት ላይ አይደለም እንዴ የሚሄደው?»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ካርዱ ወንዙን አይሰጥም። ሰውየው ማጥመድ እንደሚያውቅ ነው የሚመሰክር። ዕውቀት ነው።»

«ዕውቀት አብሮ ይሞታል ማለት ነው?»

ብዕራቸውን መልሰው አነሡ።

«እኔ ወንዙ ዳር፣ እሱ ቦታ መቀመጥ ነው የምፈልግ» አልኩ።

«ለመቀመጥ ወረቀት አያስፈልግም።»

«የማጥመጃ ዘንጉን ይዤ?»

«ዘንጉን ይዘው ከሆነ ያስፈልጋል።»

«መንጠቆ ከሌለውስ?»

ደንቡን ከመሳቢያ አውጥተው ገለጡ። ቢያሾፉብኝ ይቀለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን በእውነት ነበር የሚፈልጉት። በመጨረሻ፣ «ይህን የጠየቀኝ የለም» አሉና ዘጉት። ከዚያ፣ «የሞተ ሰው ካርድ መሰረዝ አለበት» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ሰጠኋቸው። ወረቀት መብሻ አነሡ። «ፊቱን አይንኩብኝ!» ያልኩት በአማርኛ ነው። ገባቸው መሰለኝ፣ ካርዱን አዙረው በታችኛው ጥግ በኩል አንድ ቀዳዳ በሱና መለሱልኝ።

ወደ ቤት ስሄድ አንዲት የቋሪት ሴት ትዝ አለችኝ። ደብተሯን ምስጥ በልቶባት ምትክ ልታወጣ መጥታ፣ እኔ «አሮጌውን ሳታመጭ ምትክ የለም» አልኳት። በማግስቱ ምስጡ ደብተሩን በልቶ የተወውን አፈር በቅል ይዛ መጣች። ከባልደረቦቼ ጋር ስቀን ነበር። አሁን ስሟን ላስታውስ ብዬ ብዙ ደከምኩ፤ አልመጣልኝም።

እንግዲህ ራሴ መፈተን ነበረብኝ። ክረምቱን ሙሉ ተማርኩ። የዓሣ ስም ብቻ ከውዳሴ ማርያም ይረዝማል። ሄር ኦቶ ሥዕል እያሳዩ አስጠኑኝ፤ የክንፉን ቁጥር፣ የአፉን አቅጣጫ፣ በየትኛው ወር እንቁላል እንደሚጥልና ያን ጊዜ እንደማይነካ። እናንተም ሁዳዴ አላችሁ ማለት ነው አልኳቸው፤ ሰው ለዓሣው ሲል የሚጾምበት። እንዲህ ያለውን ነገር ስሰማ ሐዘኔን ለአንድ አፍታ እረሳውና ሲመለስብኝ እደነግጣለሁ።

የፈተናው ቀን ጽሑፉን ጨርሼ ከፈታኙ ፊት ቀረብኩ።

«ከዚህ በፊት አጥምደው ያውቃሉ?» አሉኝ።

ያገሬ ልጆች «አላውቅም በይ» ብለው መክረውኝ ነበር። እኔ ግን በፈጣም መዋሸት አልሆነልኝም። ብርብራውን ከአወቃቀጡ ጀምሬ ነገርኳቸው።

ሰውየው ደንግጠው ፊታቸው ቀላ። «ይህ እኮ መርዝ ነው! የተከለከለ ነው!»

«አሁን አውቃለሁ። ጥያቄ አሥራ ሁለት ላይ መልሼዋለሁ።»

ወረቀቴን ፈልገው አዩ። ትክክል ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያልተለቀመው ዓሣ ምን ይሆናል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አንዳንዱ ይሞታል። አንዳንዱ አዲስ ውሃ ሲደርስለት ይነቃል።»

«ይነቃል?»

«ይነቃል። ትንሽ ጊዜ የት እንዳለ አያውቅም፣ ኋላ ይሄዳል።»

አሳለፉኝ።

ካርዱን ለመውሰድ ወደዚያችው ሴትዮ ተመለስኩ። «ምስክሮችዎስ?» አሉኝና ሳቅን። ፎቶዬን ተቀበሉ፣ ጻፉ፣ ከዚያ ቀና ሳይሉ፣

«ለአንድ ዓመት ወይስ ለአምስት?» አሉኝ።

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ክረምት ሙሉ የዓሣ ክንፍ ስቆጥር ይህን የጠየቀኝ የለም። ሙት ዓመቱ ወጥቷል። እማሆይን እመጣለሁ ብያቸዋለሁ። ሻንጣዬ ከቁም ሳጥን ወርዷል።

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«የአንድ ዓመቱን የሚወስዱት እንግዶች ናቸው።»

ከኋላዬ ሰው አሳለ። ወደ አገሬ ልሂድ፣ ወይስ ከእሱ መቃብርና ከእሱ ወንዝ ጋር ልቅር? መልሱን በዚያች ደቂቃ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ፈለጉት።

«አምስት» አልኩ። ድምፄ ነው ያለው፤ እኔ ገና እያሰብኩ ነበር።

በማግስቱ የአስማረ ቦታ ላይ ተቀምጬ፣ መንጠቆውን ውሃው ላይ ጥዬ ወደ ቡሬ ደወልኩ።

«እማሆይ፣ ወረቀቱ ወጣ።»

«እልልል! ስምሽ አለበት?»

«አለበት።»

«ፎቶሽስ?»

«አለ።»

«የእሱስ?»

«የእሱ አሮጌው ላይ ነው። እሱንም መልሰውልኛል። ጥጉ ላይ ቀዳዳ አለው እንጂ።»

«አይጥ ነው?»

«መንግሥት ነው።»

«አየ!» ብለው ሳቁ። አስማረ ከሞተ ወዲህ ሲስቁ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። «ወንዙስ እንዴት ነው? ፈጣምን ይመስላል?»

«ዝም ብሎ ነው የሚሄድ፣ እማሆይ። ድምፅ የለውም።»

«ድምፅ ከሌለው ምኑን ታዳምጫለሽ?»

«እንጃ። እኔም እሱን ለማወቅ ነው የምቀመጥ።»

«በይ እሽ። ስንት ዓመት ሰጡሽ?»

ከበስተኋላቸው ዶሮ ይሰማኛል፣ በሬ የሚነዳ ሰው ይሰማኛል። እኔ በኩል ምንም አይሰማም።

«የሺ?»

«አምስት።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት። አልተቋረጠም።

«አንች ስትሄጅ አምስት ብለሽኝ በየዓመቱ ለእመቤታችን አንዳንድ ጣት ሳጥፍ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ይኸው ቀኝ እጄ አለቀ። ግራውን ልጀምር?»

ክሩ ላይ ያለችው ተንሳፋፊ ቡሽ ነቅነቅ አለችና ጠለቀች። በአንድ እጄ ዘንጉን፣ በአንድ እጄ ስልኩን ይዣለሁ። የዘንጉ ክር ተወጠረ።

«ቆዩ እማሆይ፣ አይዝጉት» አልኩ።

አልዘጉትም።