ለሁሉም የተባለው ፒያኖ

ከጳውሎስ ወረድ ብሎ፣ አዲስ በተነጠፈው አደባባይ ዳር፣ ሠዓሊዎች አበባና ወፍ የሳሉበት ፒያኖ መቆሙን ለአባቴ የነገርኩት እኔ ነኝ። "ማንም መጥቶ ይጫወት" የሚል ጽሑፍ እንዳለበትም ነገርኩት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

አባቴ በወጣትነቱ ሆቴል ውስጥ ፒያኖ ይጫወት ነበር። ዘንድሮ ጆሮው እየደከመ መጣ፤ ሐኪሙም መስማቱ እንደማይመለስ ነግሮኛል። እኔ ግን "አይዞህ አባዬ፣ ጉንፋን ነው፣ ይሻልሃል" እያልኩ ከረምኩ። እሱ ሞኝ አይደለም፣ ማባበሌ ገብቶታል። የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጆሮው ጭራሽ ሳይዘጋ አንዴ ፒያኖ መስማት።

ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከዊንጌት ታክሲ ያዝን። ስንደርስ ወጣቶች ፒያኖውን ተደግፈው ፎቶ ይነሳሉ። አባቴን ሲያዩ "ፋዘር፣ እስኪ ያስነኩት!" ብለው ቦታ ለቀቁለት፤ ስልካቸውንም ደገኑ። ተቀመጠ። ጣቶቹን አፍታቶ ተጫነ። ምንም። በኃይል ደገመው። አሁንም ምንም። ፊቱ አመድ መሰለ።

እኔም ምንም አልሰማሁም። ጥበቃውን "ምን ሆኖ ነው?" አልኩት።

"እህቴ፣ ይሄ እኮ ለፎቶ ነው። ለመሸከም ከበደን ብለው ሆድ ዕቃውን አውጥተውታል፤ ሽቦም የለው" አለኝ፣ እንደ ቀላል ነገር።

አይ የሰው ነገር! ያን ሁሉ ቀለም ከሚለቀልቁ "አይሠራም" ብለው ቢጽፉበት ምን ነበረበት?

ወደ አባቴ ጆሮ ጎንበስ ብዬ ጮኽኩ። "አባዬ፣ ውስጡ ባዶ ነው! እኔም አልሰማሁም!"

ፈገግ አለ። "ጩኸትሽ ይሰማኛል፤ ፒያኖው ግን ከጆሮዬ ሄዷል። አንቺ አይዞህ ማለት ለምዶብሻል፣ ልጄ።"

ክዳኑን ከፍቼ ላሳየው ብል በሚስማር ተመትቷል። ስታገል ጥበቃው "ቀለሙን ልትልጪው ነው እንዴ!" ብሎ እጄን ያዘኝ። ወጣቶቹ ሳቁ። አባቴ ተነሥቶ "ተይ፣ ሰው አታስቸግሪ" አለኝ። እመቤቴን ጠርቼ ማልኩለት። አላመነኝም።

አሁን ቤታችን እንግዳ መጥቶ ሊያናግረው ሲሞክር "አትድከም፣ ደንቁሬያለሁ" ይለዋል። ከዚያ ቀን በፊት ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም።