ትምህርት ቤት ሲዘጋ ያጣኋት ተማሪ

መርካቶ ውስጥ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡ ሁለት ልጃገረዶች ነበሩኝ። የአንዷ አባት ጨርቅ አከፋፋይ ነው፤ የሌላዋ እናት እህል በረንዳ ጤፍ እያበጠረች ነው የምትኖረው። ክፍልፋይ አልገባ ያላት የነጋዴው ልጅ ነበረች። እኔ ሦስቴ አስረድቼ ያቃተኝን የአበጣሪዋ ልጅ በእረፍት ሰዓት ዳቦ ቆርሳ አስረዳቻት።

ኮሮና ገባና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ትምህርቱን በቴሌግራም ላኩ ተባልን። ለነጋዴው ልጅ ስልክ ተገዛላት፣ አስጠኚም ተቀጠረላት። የጓደኛዋ እናት ስልክ ግን ቴሌግራም የማይጭን ባለቁልፍ ነበር። ይህን አውቃለሁ። ቶሎ ይከፈታል ብዬ ዝም አልኩ።

ሳምንታቱ ወራት ሆኑ። አንድ ቀን እህል በረንዳ ጤፍ ልገዛ ስሄድ ከእናቷ አጠገብ ወንፊት ይዛ አገኘኋት። ብናኙ ሽፋሽፍቷ ላይ ሳይቀር ተጋግሯል።

«ቲቸር፣ መቼ ነው የሚከፈተው?»

«በቅርቡ። እስከዚያ ኖቱን በወረቀት አመጣልሻለሁ።»

አላመጣሁላትም። መጀመሪያ በሽታውን ፈራሁ፤ ቀጥሎ ሰነፍኩ፤ በኋላ ደግሞ አፈርኩ።

ሲከፈት ሁሉም ወደ ስምንተኛ ተዛውሯል ተባለ፤ እኔም አብሬያቸው አለፍኩ። የአበጣሪዋን ልጅ ሰሌዳ ላይ አወጣኋትና አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛ ደምሪ አልኳት። ጠመኔውን ይዛ አንድ ቁጥር ጻፈችና አጠፋችው። ከዚያ ሁለት አምስተኛ ብላ ጻፈች። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ጓደኛዋ ብቻ አንገቷን ደፋች።

«አውቀው ነበር እኮ ቲቸር» አለችኝ ጠመኔውን እየመለሰችልኝ ቀስ ብላ።

ምሳ ሰዓት ላይ ለብቻዋ ላስጠናት ሞከርኩ። ጥቂት ቀን መጣችና ከትምህርት ቤቱም ጭራሽ ቀረች። እናቷ ዘንድ ሄድኩ።

«እኔ አላስቀረኋትም፣ መምህር። ‹ደንቁሬያለሁ› ትለኛለች። እውነት ደንቁራለች?»

«ኧረ በፍጹም!»

«ታዲያ ያን ሁሉ ወር እርስዎ ማንን ሲያስተምሩ ነበር?»

ልጅቷ እዚያው ጤፍ ትነፋለች፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ቀን ማለዳ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ጓደኛዋ ቀድማ ገብታለች።

«ልዝጋ ቲቸር?» አለኝ ዘበኛው።

«ትንሽ ቆይ።»

ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሞ ቆይ አልኩት። ሦስተኛ ጊዜ ሳይጠይቀኝ ዘጋው።