የችኩሎች ጣሳ

ባለፈው ወር ያረፉት አክስቴ ዘንዘልማ ውስጥ ሁለተኛ ክፍል ያስተምሩ ነበር። እኔንም አስተምረውኛል። በየዓመቱ ከጣና ዳር በፌስታል አፈር ያመጡና እያንዳንዱ ልጅ በባዶ የድልህ ጣሳ ባቄላ ይዘራል፤ ጣሳዎቹም መስኮቱ ሥር ይደረደራሉ።

እኔ ታዲያ በማግስቱ በቅሎ እንደሆነ ልይ ብዬ ባቄላዬን ቆፍሬ አወጣሁት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። አክስቴ ግን አልተቆጡም። አንድ ትርፍ ጣሳ አመጡና፣ «ይቺ የችኩሎች ናት። ማየት የፈለገ እሷን ይቆፍር፤ ሌላውን እንዳትነኩ!» አሉ። ሥር ሲወጣ ያየሁት በዚያች ጣሳ ነው። ከዚያ ወዲህ የችኩሎች ጣሳ ከክፍላቸው ጠፍታ አታውቅም። የመጀመሪያዋ ችኩል እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ እኮራበታለሁ።

ከቀብሩ በኋላ ዕቃቸውን ልወስድ ወደ ክፍሉ ሄድሁ። ወንበራቸው ባዶውን ቆሟል። መስኮቱ ሥር ግን የችኩሎች ጣሳ ባቄላ ከሌሎቹ እኩል አድጓል። ማንም አልነካውም።

«ይቺን ለምን አልቆፈራችኋትም? አዝናችሁ ነው?» ብዬ ልጆቹን ጠየቅኋቸው።

አንዲት ትንሽ ልጅ በጥያቄዬ ተገርማ አየችኝ።

«ለምን እንቆፍራታለን? ባቄላዋ ከታች ምን እንደምትሠራ ቲቸር በብርጭቆ ዘርተው አሳይተውናል እኮ!»