የተቆራረጠው ሞገድ

አንኮበር ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ አለው ይባላል፤ በውስጡ ያሉት ግን የተሰባበሩ ወንበሮች ናቸው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አገር አቀፉ ፈተና ሲቃረብባቸው አንድ ነገር እረፍት ይነሳኝ ነበር፦ ሞገድ ሲጓዝ አይተው አያውቁም። ቀመሩን ይሸመድዳሉ። ቁሱ ባለበት እየተወዛወዘ ጉልበቱ ብቻ እንደሚያልፍ ግን ልባቸው አይቀበልም። ስለዚህ ላፕቶፔ ላይ የሚንቀሳቀስ ሞገድ ሠራሁላቸው። ሰማያዊ ነጠብጣቦች ባሉበት ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ ሞገዱ በእነሱ ውስጥ ያልፋል።

ሳላሳያቸው መቆራረጥ ጀመረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስክሪን ላይ የምናየው እንቅስቃሴ ቶሎ ቶሎ የሚፈራረቁ ሥዕሎች ድርድር ነው፤ አንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል። ሥዕሎቹን የሚያዘጋጀው ክፍል፣ ግራፊክሱ፣ ሥራ ሲበዛበት አንዳንዶቹን ይዘላል። ፊልም ቢሆን ግድ የለም። በሞገድ ላይ ግን ትምህርቱ ይገለበጣል፤ ዐይን ነጠብጣቡ ራሱ ወደፊት የዘለለ ይመስለዋል። ልነቅለው የተነሣሁት ስሕተት በገዛ ሥራዬ ሥር ሊሰድ ነው።

በቅደም ተከተል ፈተሽሁ። የማያስፈልጉ ፕሮግራሞችን ዘጋሁ። የላፕቶፑን የሥራ ጫና የሚያሳየው ታስክ ማናጀር ግራፊክሱ መቶ በመቶ እንደተያዘ ያሳያል። የሥዕሉን ጥራት ቀነስሁ። ኔትወርክ ፍለጋ ደብረ ብርሃን ድረስ ሄጄ ግራፊክሱን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ አደስሁ። ሁልጊዜም እንደከፈትሁት ጥቂት እንደ ውኃ ይፈስሳል፤ ከዚያ ይንገጫገጫል።

«ብርድ መትቶት ነው» አሉኝ አከራዬ፣ በሩ ላይ ቆመው።

«እማማ፣ ዕቃን ብርድ አይመታውም።»

«አንተንስ ይመታኛል ብለህ ነበር? የመጣህ ሰሞን በጋቢ ላይ ጋቢ ደርበህ ጥርስህ ሲንገጫገጭ ያየሁህ እኔ ነኝ። ከዕቃህ ሥር ያለው አጎዛ እኮ አልቋል፣ ጠጉር የለውም።»

አሮጌውን አጎዛ ጠረጴዛው ላይ፣ ከላፕቶፑ ሥር፣ ያነጠፍሁት እኔ ነበርሁ፤ ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛው ክንዴን ያደነዝዘኝ ስለነበር። እሳቸው ደግሞ ጠጉሩ ጥቅጥቅ ያለ የመንዝ በግ አጎዛ አምጥተው ተኩት። ሳቅሁ እንጂ አልከለከልኋቸውም።

ላፕቶፑ አየር የሚስብበት ቀዳዳ ከሥሩ ነው፤ ከታፈነ ይግላል፣ ሲግል ግራፊክሱ ይዘገያል። ይህን አውቃለሁ። ስለ ሙቀት መተላለፍም አስተምራለሁ። ነገር ግን ጉም በመስኮት በሚገባበት፣ የተማሪ እስትንፋስ ክፍል ውስጥ በሚታይበት አገር፣ ሙቀት ማን ትዝ ይለዋል? ጥፋቱን ሁሉ ፕሮግራም ውስጥ ፈለግሁ። አንድ ቀን ከቦታው ላነሣው ስል ሆዱ እንደ ተጣደ ድስት አቃጠለኝ። ፈትቼ ሳየው የበጉ ጠጉር በማራገቢያው ላይ ተጠምጥሟል። በወረንጦ እየለቀምሁ አወጣሁ። ገጥሜ ስከፍተው ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ነበረች። ሙቀቱ ግራፊክሱን ጎድቶት እንዳይሆን ብጠረጥርም እንዳላየ አለፍኋት።

ከፈተናው በፊት በቀረችን የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ላፕቶፑን ታቅፌ ስወጣ አከራዬ «ተሻለው?» አሉኝ።

«ተሽሎታል እማማ።»

ተማሪዎቹ ወንበር አስጠግተው ተጠጋጉ። ሞገዱ ተነሣ፣ ግማሽ መንገድ ሄደ፣ ቆመ። ስክሪኑ በቀለም መስመር ተሸነታተረ፤ ጠቆረ። ደጋግሜ አስነሣሁት፤ ማራገቢያው ይጮኻል እንጂ ምንም አይታይም።

«ቲቸር፣ ሞገዱ ለእረፍት ወጣ እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ። ተሳቀ። እኔ ስላልሳቅሁ ሳቁ ቶሎ ሞተ።

ጠመኔ አነሣሁ። ሰሌዳው ላይ የተጠማዘዘ መስመር ሣልሁ፤ ቀስት ጨመርሁበት። መስመሩ አይንቀሳቀስም። እጄን ከፍ ዝቅ እያደረግሁ ደጋግሜ አስረዳሁ፤ ድምፄ እየሰለለ ሲሄድ ይሰማኝ ነበር።

«ገባችሁ?» አልሁ።

ፊት ለፊት የተቀመጠችው ልጅ ላፕቶፑን አየች፣ እኔን አየች፣ ዐይኗን ሰበረች።

«ገብቶናል ቲቸር» አሉኝ ሁሉም ባንድ ድምፅ። አዝነውልኝ ነበር።